የአባባ ያማሃ ወይስ አዲሱ? ለቤተሰብ ሞተር ሳይክል ከመግዛትዎ በፊት

ከአገር ቤት ስልክ ተደውሎ «ሞተር ልንገዛ ነውና ትንሽ አግዙን» ተብለው ያውቃሉ? አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. በሞተር ሳይክሎች እንቅስቃሴ ላይ ገደብ ከጣለች ወዲህ ብዙዎቻችን ስለ ሞተር ማሰብ ትተናል። በገጠር ላሉ ቤተሰቦቻችን ግን ሞተር ሥራ መግቢያ፣ በሽተኛ ማድረሻ፣ ገበያ መሄጃ ነው። የመግዣው ገንዘብም ብዙ ጊዜ የሚወጣው ከእኛ ከከተሜዎቹ ኪስ ነው።

ወደ እኛ ቤት የተደወለው ከዲማ ነበር፤ ከምሥራቅ ጎጃም፣ በብቸና አካባቢ፣ የዲማ ጊዮርጊስ ገዳም ከሚገኝበት። ታናሽ ወንድሜ እዚያ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው። የሚነዳው አባታችን ከመሥሪያ ቤት ጨረታ የገዙትን አሮጌ ያማሃ ዲቲ 125 ነበር። ባለፈው ክረምት አንድ ጅረት ተሻግሮ ቁልቁለቱን ሲወርድ ፍሬኑ አልይዝ አለውና ቦይ ውስጥ ገባ። ግራ እጁ ተሰበረ። እናቴ «ነገውኑ ይሸጥ» አለች። አባባ «ያማሃው ምን አደረገ?» ብለው ተቆጡ። እኔ ደግሞ ሥራዬ ማርኬቲንግ ነውና የአዲሶቹን ማስታወቂያ ተመልክቼ ወዲያው ፈረድኩ፤ አዲስ ይገዛ! ከዚያ በኋላ የተማርኩትን ላካፍልዎ።

አሮጌው ለምን ይወደዳል?

የዲቲ ዘር የሚጀምረው ያማሃ ዲቲ-1 የተባለውን ሞተር እ.ኤ.አ. በ1968 ለገበያ ሲያቀርብ ነው። ለአስፋልትም ለኮረኮንችም እንዲሆን የታሰበ፣ ክብደቱ ቀላል፣ ከመሬት ከፍ ያለ ሞተር ነው። የፊት ጭቃ መከላከያው ከጎማው ርቆ የተሰቀለ ነው። ይህ በከተማ ትርጉም የለውም፤ በጎጃም ዋልካ አፈር ላይ ግን ትልቅ ነገር ነው። መከላከያው ለጎማው ቀርቦ ሲሠራ ጭቃው በመካከል ይጠቀጠቅና ጎማው መዞር ያቆማል።

ሞተሩ ቱ-ስትሮክ የሚባለው ዓይነት ስለሆነ የውስጥ ክፍሎቹ ጥቂት ናቸው፤ ልምድ ያለው መካኒክ በጥቂት መፍቻ ይፈታዋል። ጉድለቱም አለ። ዘይትን ከቤንዚን ጋር አብሮ ስለሚያቃጥል ያጨሳል፣ ነዳጅም ይበላል። በረጅም ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ራሱ እምብዛም አይዝም፤ ሸክሙ ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል።

አዲሱስ ምን ይዞ ይመጣል?

ዛሬ በየከተማው የሚታዩት እንደ ባጃጅ ቦክሰርና ቲቪኤስ ያሉት የህንድ ሞተሮች ፎር-ስትሮክ ናቸው። ዘይታቸው ለብቻው ስለሚቀመጥ ጭሳቸው ትንሽ ነው፤ ነዳጅም ይቆጥባሉ፤ አብዛኞቹም በቁልፍ ይነሳሉ። አንዳንዶቹ ከፊት ዲስክ ፍሬን አላቸው። ልዩነቱን የሚያውቁት ውኃ ሲሻገሩ ነው። በድሮው ከበሮ ፍሬን ውስጥ ውኃ ከገባ ሸራው እስኪደርቅ ድረስ አይዝም። ዲስኩ ግን ክፍት ስለሆነ ቶሎ ይደርቃል።

የከፍታውንም ነገር አይርሱ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል ወደ 2,450 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው። ተራ ሞተር በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ 1 በመቶ ያህል ስለሚያጣ፣ እዚያ ደጋ ላይ ሩብ የሚሆነው ኃይሉ ይቀንሳል። ካርቡሬተር ያለው ሞተር፣ አሮጌም ይሁን አዲስ፣ ለደጋው አየር መስተካከል አለበት። ነዳጅ በኤሌክትሮኒክስ የሚረጩት አዳዲስ ሞዴሎች ራሳቸውን ያስተካክላሉ፤ ሲበላሹ ግን ጉዳቱን ለማግኘት መመርመሪያ መሣሪያ ሊያስፈልግ ይችላል። ያ መሣሪያ በቅርብ ከሌለ ሞተርዎ በአይሱዙ ተጭኖ ከተማ ለከተማ ሊዞር ነው።

ከሻጩ በፊት መካኒኩን

አባባ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ «ከመወሰናችሁ በፊት ብቸና ያለውን መካኒክ አነጋግሩት።» ወንድሜ እጁ በጀሶ እንደታሰረ ያማሃውን አስጭኖ ወሰደው። መካኒኩ የኋላውን ጎማ ሲፈታ የፍሬን ሸራው አልቆ ብረት ለብረት ይፋተግ ነበር። ወንድሜ ይህን ያውቅ ኖሯል። ብቸናም ደብረ ማርቆስም ፈልጎ አጥቶ፣ ከመውደቁ ሁለት ወር በፊት ደውሎ «እታለም፣ ከአዲስ አበባ ፈልጊልኝ» ያለው እኔን ነበር። «እልክልሃለሁ» ብዬ ረሳሁት።

ስለዚህ ያማሃውን በእርጅናው ብቻ መክሰስ አልቻልኩም። ግን ሌላም ነገር ተረዳሁ። መካኒኩ ለህንዶቹ ሞተሮች የሚሆን የፍሬን ሸራ ከመደርደሪያው አውጥቶ ለወንድሜ አሳይቶታል። የፍሬን ሸራው በአንድ ሰው ማስታወስ ላይ የተንጠለጠለ ሞተር፣ የቱንም ያህል ጠንካራ ቢሆን፣ በየቀኑ ሊነዱት አይገባም።

እርስዎም ገንዘብ ከማዋጣትዎ በፊት እነዚህን ይጠይቁ፦

1. ካቴና፣ የፍሬን ሸራ፣ ካንዴላ፣ የፍሪሲዮን ገመድና ካላማዳሪ ነጂው በሚኖርበት አካባቢ ይገኛሉ? ሁለቱ እንኳ ከጠፉ ደግመው ያስቡ።

2. ሊብሬው አለ? በሊብሬው ላይ ያለው የሻሲና የሞተር ቁጥር ከብረቱ ላይ ካለው ጋር ይመሳሰላል? በተለይ ከጨረታ የወጣና እጅ በእጅ የተላለፈ አሮጌ ሞተር ሲሆን ስሙ ሳይዛወር ብር አይክፈሉ።

3. ማን ነው የሚነዳው? የሞተር መንጃ ፈቃድ አለው? እንደ ዲቲ ያለው ሞተር ኮርቻው ከፍ ያለ ነው፤ እግሩ መሬት በደንብ የማይነካ ሰው በጭቃ ላይ ይቸገራል።

4. ከሞተሩ ዋጋ ሌላ ምን አስበዋል? የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ነው። ሄልሜትም ከመግዣው ጋር አብሮ ይታሰብ። የብዙ አገሮችን ጥናት የሰበሰበው የኮክሬን ግምገማ እንደሚለው ሄልሜት የሞት አደጋን ወደ 42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን ወደ 69 በመቶ ይቀንሳል። ከኋላ ለሚቀመጠውም አንድ ይጨምሩ።

አንድ ምክር ልጨምር። ከአዲስ አበባ ከገዙ ነጂውን በዓባይ በረሃ አቋርጦ እንዲነዳ አያድርጉት። ከጎሐ ጽዮን እስከ ወንዙ ድረስ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው፤ ከዚያ እስከ ደጀን ያንኑ ያህል ዳገት። ገና ያልተለማመደን ሞተር በጭነት መላክ ይሻላል።

እኛ በመጨረሻ የፊት ዲስክ ፍሬን ያለው 150 ሲሲ የህንድ ሞተር ገዛን። በመጀመሪያው የክረምት ሳምንት ጭቃ ከፊት መከላከያው ሥር ተጠቅጥቆ ጎማው አልዞር አለ። መካኒኩ መከላከያውን ከፍ አድርጎ ሰቀለው። አባባ «አላልኳችሁም?» ብለው ሲስቁ በስልክ ሰማኋቸው።

ያማሃው አልተሸጠም። ሸራውን ከአዲስ አበባ ሁለት ጥንድ ገዝቼ ላክሁ፤ አንዱ ተገጠመለት፣ ሌላው በአባባ ሣጥን ተቀመጠ። እሁድ እሁድ ደረቅ ሲሆን እሳቸው ያስነሱታል። ለወንድሜ ስደውል ደግሞ ከሰላምታ ቀጥሎ የምጠይቀው ስለ ፍሬኑ ነው፤ የሚያስፈልገው ነገር ካለም ስልኩን ሳልዘጋ እጽፈዋለሁ።