ኮምባይነሩ ደርሷል፤ ሥልጠናውስ?

ኅዳር ሲጋመስ በአርሲዋ ሁሩታና በዙሪያዋ ባሉት የሎዴ ሄጦሳ ቀበሌዎች የሰው ሁሉ ወሬ ኮምባይነር መቼ እንደሚገባ ነው። ስንዴው ደርቋል፤ ያልታሰበ ዝናብ ሳይመታው መነሣት አለበት። ባለማሳው ተራ ይይዛል፣ ወጣቱ ጆንያ ያዘጋጃል፣ ዋጋው በኩንታል ይቆረጣል። በማጭድ ታጭዶ፣ ተከምሮ፣ አውድማ ላይ በበሬ ተወቅቶ፣ በመንሽና በላይዳ ተበጥሮ ሳምንታት ይፈጅ የነበረው ሥራ በአንድ ከሰዓት በኋላ ያልቃል።

ማሽን የሰውን ሥራ ስለመውሰዱ ሲነሣ ዛሬ ብዙዎቻችን የምናስበው ሮቦትና ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ነው፤ ጉዳዩም የነገ፣ የከተማና የውጭ አገር ይመስለናል። የአርሲ ደጋ ግን ከዚህ ጥያቄ ጋር ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ኖሯል። ልምዱ የሚያስተምረን ግልጽ ነው፦ ማሽን ሲመጣ ማን እንደሚጠቀምና ማን እንደሚወድቅ የሚለየው፣ ሥልጠናው ለማን ደረሰ የሚለው ነው።

ካዱ ያስተማረን

በ1960 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ትብብር የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ሕዝቡ በአጭሩ ካዱ የሚለው፣ ዋና መሥሪያ ቤቱን አሰላ ላይ አድርጎ ሥራ ጀመረ። ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያና ብድር አቀረበ፤ በበሬ የሚጎተቱ የእርሻ መሣሪያዎችን አሻሻለ፤ የቁሉምሳ የምርምር ጣቢያም የተወለደው ከዚሁ ጥረት ነው። የታሰበው ለአነስተኛው ገበሬ ነበር።

ምርቱ ሲያድግ ግን መሬቱ ዋጋ አወጣ። ባለርስቶችና መሬት ተከራይተው የሚያርሱ ባለሀብቶች ትራክተርና ኮምባይነር አስገቡ። የእርሻ ማሽንና ነዳጁ የታክስ እፎይታ ስለነበረው ከጭሰኛ ጋር ምርት ከመካፈል በማሽን ማረስ አዋጭ ሆነ። ያን መሬት ለዘመናት ሲያርስ የኖረው ጭሰኛ ተነቀለ። የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ሲታወጅ ብዙ ቤተሰብ አስቀድሞ ተበትኖ ነበር። ማሽኑን የገዛው ባለመሬቱ ወይም ተከራዩ ባለሀብት፣ የከሰረው ደግሞ አራሹ ሆነ። ለአራሹ ሌላ ሙያ ያስተማረው አልነበረም።

ወደ ቅርቡ ጊዜ ስንመጣ፣ በ2011 ዓ.ም. መንግሥት የእርሻ ማሽኖች ከቀረጥ ነፃ እንዲገቡ ፈቀደ። የካፒታል ዕቃ ሊዝ አገልግሎት ማሽን መግዛት ለማይችሉ በር ከፈተ፤ የኩታ ገጠም እርሻም አጎራባች ማሳዎችን አንድ ዓይነት ሰብል እያስያዘ ለኮምባይነር አመቻቸ። እነዚህ ሁሉ መልካም እርምጃዎች ናቸው። ሆኖም ማሽኑን የማስገባት ፍጥነትና ሰውን የማሠልጠን ፍጥነት ዛሬም አልተመጣጠኑም።

ኦፕሬተሩ የሚያውቀው

ኮምባይነር መንዳት መሪ መያዝ ብቻ የሚመስለው ብዙ ነው። ጎበዝ ኦፕሬተር ጥቂት ሜትር እንዳጨደ ማሽኑን አቁሞ ይወርዳል። ከኋላ የወደቀውን ገለባ በእጁ ገልጦ የተበተነ ፍሬ ይፈልጋል። ከታንኩ እፍኝ ዘግኖ የተሰበረውን ከደህናው ይለያል፤ አንድ ሁለት ፍሬ በጥርሱ ሰብሮ ድርቀቱን ይገምታል። ከዚያ ይወስናል፦ የመውቂያው ከበሮ ፍጥነት ይቀነስ? በከበሮውና በሥሩ ባለው ፍርግርግ መካከል ያለው ክፍተት ይስፋ? የማራገቢያው ንፋስ በዝቶ ፍሬውን ከእብቁ ጋር እያወጣው ይሆን? ጠዋት ጤዛ ሳለ የተስተካከለው ማሽን ፀሐይ ሲበረታ እንደገና መስተካከል አለበት።

የዚህ ዕውቀት ዋጋ በብቅል ገብስ ላይ ፍንትው ብሎ ይታያል። ከ1976 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የአሰላ ብቅል ፋብሪካ የሚፈልገው የሚበቅል ገብስ ነው፤ ብቅል የሚሆነው ፍሬው ሲያቆጠቁጥ ነውና። ከበሮው በዝቶ ሲፈጥን ፍሬው ይሰበራል፣ ቅርፊቱ ይላጣል፣ ጽንሱ ይጎዳል። በዓይን ደህና የሚመስለው ገብስ በፋብሪካው ምርመራ ይወድቅና ገበሬው የዓመት ልፋቱን ከብቅል ዋጋ በታች ይሸጣል። የአንድ ኦፕሬተር የሥልጠና ጉድለት ጦሱ የሚያርፈው በገበሬው ቤተሰብ ላይ ነው።

ይህን ሙያ አብዛኛው የተማረው በረዳትነት ነው። ወጣቱ ግራሶ እየቀባ፣ ቺንጊያ እየቀየረ፣ ማታ ማሽኑ ሥር እያደረ፣ የአለቃውን እጅ እያየ ያድጋል። ይህ የሚናቅ ትምህርት ቤት አይደለም። ጉድለቱ አለቃው የማያውቀውን ረዳቱም ሳያውቀው መቅረቱ ነው። አዲሱ ማሽን በኤሌክትሮኒክስ የሚመራ፣ የምርት ብክነትን በሴንሰር የሚያሳይ ሆኖ ሲመጣ የሰሌዳውን ምልክት የሚያነብ ይጠፋል። አንድ ኩሽኔታ ተሰብሮ ባለሙያ ከአዳማ ወይም ከአዲስ አበባ እስኪመጣ የደረሰ ስንዴ ማሳ ላይ ይረግፋል።

ዕውቀትም ያረጃል

አንዴ ተምሮ ዕድሜ ልክ መኖር እንደማይቻል የአርሲ ገበሬ ስንዴን ከሚያጠቃው የዋግ በሽታ ተምሯል። በ1987 ዓ.ም. ገደማ የተለቀቀው ኩብሳ የተባለው ስንዴ ደጋውን ሁሉ አዳረሰ፤ በ2003 ዓ.ም. የምርት ዘመን ቢጫ ዋግ መታው። ዲገሉ የተባለ ዝርያ ተተካ፤ በ2006 ዓ.ም. እሱንም አዲስ የግንድ ዋግ ዝርያ ጣለው። ቁሉምሳ አዳዲስ ዝርያዎችን ማውጣቱን፣ ገበሬውም እንደገና መማሩን ቀጠለ። በ2006 ዓ.ም. የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ የጀመረው የ8028 የስልክ መስመር ማንበብ የማይችል ገበሬ እንኳ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በትግርኛ ምክር እንዲሰማ አድርጓል። በሰዓቱና ሰው በሚሰማው ቋንቋ የመጣ ትምህርት በጆሮም እንደሚገባ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም። ለኮምባይነር፣ ለትራክተርና ለመርጫ መሣሪያ ባለሙያዎች ተመሳሳይ መስመር የማይኖርበት ምክንያት አይታየኝም።

ማን ቀረ?

በዚህ ለውጥ መሐል ድምፃቸው የማይሰማ አሉ። ለአጨዳ ማጭድ ይዘው ከሩቅ ይመጡ የነበሩ የቀን ሠራተኞች ገበያቸው ጠቧል። ለእነሱ “ኮድ ተማሩ” ማለት ብቻ አይበቃም። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር በነፃ የሚሰጥ ትልቅ ዕድል ነው፤ ነገር ግን ኢንተርኔት፣ መሣሪያና የእንግሊዝኛ ችሎታ ይጠይቃል። ለማጭድ ሠራተኛው የሚቀርበው ሙያ ኮምባይነሩ ራሱ ካመጣው ሥራ የሚወለደው ነው፦ ጥገና፣ ብየዳ፣ መለዋወጫ ንግድ፣ የእህል ድርቀት ልኬታና ክምችት፣ ኮምባይነሩ በየማሳው የሚበትነውን ገለባ ለከብት መኖ ማሰር። በተለይ የገለባ ማሰሪያ ማሽን በማኅበር ለተደራጁ ሴቶችና ወጣቶች ቢቀርብ፣ ማሽን የወሰደውን ገቢ በከፊል ማሽን ይመልሰዋል።

መሠረቱ አለ

ደግነቱ አርሲ ከባዶ አይነሣም። ቁሉምሳ ከምርምር ማዕከሉ ሌላ በኢትዮጵያና በጀርመን ትብብር የተቋቋመ የእርሻ ማሽን ማሠልጠኛ አለው። አሰላ የግብርና ምሕንድስና ምርምር ማዕከልና አርሲ ዩኒቨርሲቲ አሏት። በአብዛኞቹ ቀበሌዎች የአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከልና የልማት ሠራተኛ አለ። የአገሪቱ የሙያ ብቃት ምዘናም በየትኛውም መንገድ ለተማረ ሰው ክፍት ነው፤ በረዳትነት ያደገ ኦፕሬተር ክፍል ውስጥ ሳይቀመጥ ተመዝኖ የብቃት ማረጋገጫ ሊያገኝ ይችላል። በ2014 ዓ.ም. የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ራሱን ችሎ መቋቋሙም ጉዳዩ ባለቤት አግኝቷል ማለት ነው።

የጎደለው እነዚህን በሥራው ወቅት ማገናኘት ነው። ኮምባይነር በክረምት ይቆማል፤ ኦፕሬተሩና ረዳቱም ጊዜ ያላቸው ያኔ ነው። ሥልጠናው ያን ጊዜ፣ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ፣ ማሽኖቹ ወደሚቆሙባቸው የሁሩታና የኢተያ ከተሞች ድረስ ይምጣ። ከመኸር በፊት ምዘና ይደረግ። ከቀረጥ ነፃ ማሽን የሚያስገባና በሊዝ የሚወስድ ሁሉ ለእያንዳንዱ ማሽን አንድ የተመዘነ ኦፕሬተርና አንድ በሥልጠና ላይ ያለ ረዳት የማቅረብ ግዴታ ይኑርበት። ኅብረት ሥራ ማኅበራትም ኮምባይነር ሲኮናተሩ የኦፕሬተሩን የብቃት ማረጋገጫ ይጠይቁ፤ የሚበተነውም የሚሰበረውም እህል የእነሱ ነውና።

ከሃምሳ ዓመት በፊት የታክስ እፎይታው ለማሽኑ ተሰጥቶ አራሹ ተረሳ። ዛሬ ለማሽኑ የምንሰጠውን እፎይታ ከሰው ሥልጠና ጋር የማሰር ሥልጣኑም ተቋሙም በእጃችን ነው። ይህ ግዴታ በቀረጥ ነፃ መመሪያውና በሊዝ ውሉ ላይ መጻፍ አለበት፤ የሚቀጥለው መኸር ሳይደርስ።