ጥንታዊ የቻይና የነሐስ ዕቃ ሲሸጥ ካያችሁ መጀመሪያ ይህን ጠይቁ

እ.ኤ.አ. በማርች 2017 ኒውዮርክ ውስጥ ክሪስቲስ የተባለው የጨረታ ቤት አንድ የነሐስ የመጠጥ ዕቃ ለሽያጭ አቀረበ። አራት ማዕዘን ቅርጽ ያለው፣ የበግ ራስ የተቀረጸበት፣ ዕድሜው ከ3,000 ዓመት የሚያልፍ ነው። የተሸጠበት ዋጋ? 37.2 ሚሊዮን ዶላር!

አሁን ደግሞ ስልካችሁን አውጡና ኦንላይን ገበያ ላይ «ጥንታዊ የቻይና ነሐስ» ብላችሁ ፈልጉ። አረንጓዴ ዝገት የለበሰ፣ ሦስት እግር ያለው፣ «ዕድሜው 3,000 ዓመት ነው» የተባለለት ዕቃ በጥቂት ዶላር ታገኛላችሁ።

ልዩነቱ ምንድን ነው? ብዙ ሰው «አንዱ እውነተኛ፣ ሌላው ፎርጅድ ስለሆነ ነዋ» ይላል። ልክ ነው፣ ግን ታሪኩ እዚህ አያልቅም። የኒውዮርኩ ዕቃ የመጣው ጃፓን ኦሳካ ከሚገኘው ከፉጂታ ሙዚየም ነው። ለአሥርት ዓመታት የት እንደነበረ ይታወቃል። የኦንላይኑ ግን ባለፈው ወር የት እንደነበረ እንኳ የሚናገርለት የለም።

በዚህ ዓለም ውስጥ ትልቁ ጥያቄ ይሄ ነው፦ ዕቃው ከየት መጣ? ጥያቄዋ አጭር ናት፤ ግን ፎርጅዱንም፣ የተሰረቀውንም የምታጋልጠው እሷ ናት። እኛ ኢትዮጵያውያንንም በቀጥታ ትነካናለች። እንዴት? ከመጀመሪያው እንነሳ።

ዕቃዎቹ ምንድን ናቸው?

የሻንግ ሥርወ መንግሥት ሰሜን ቻይናን ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1600 ገደማ እስከ 1046 ገደማ ገዛ። ቀጥሎ የዦው ሥርወ መንግሥት መጣ። በዚያ ዘመን ነሐስ የገዢዎች ሀብት ነበር። በዋናነት የሚሠራበት የጦር መሣሪያና የአምልኮ ዕቃ ነው። ነገሥታትና መኳንንት ለሞቱ አያት ቅድመ አያቶቻቸው ምግብና መጠጥ የሚያቀርቡት በነዚህ ዕቃዎች ነው።

ዓይነታቸው ብዙ ነው። «ዲንግ» የሚባለው ሥጋ የሚቀቀልበት ባለ እግር ድስት ነው። «ጁዌ» ደግሞ ሦስት ቀጫጭን እግሮች ያሉት የመጠጥ ዋንጫ ነው። መጠጡ ከእህል የሚጠመቅ ስለነበር ከወይን ይልቅ ወደኛ ጠላ ይቀርባል። ብዙዎቹ ላይ ሁለት ትልልቅ ዓይኖች ያፈጠጠ የአውሬ ፊት ተቀርጾ ይታያል።

ዲንግ የሥልጣን ምልክትም ነበር። በዦው ዘመን ሥርዓት መሠረት ንጉሡ ዘጠኝ ዲንግ ሲኖረው፣ ከሱ በታች ያለው መስፍን ሰባት፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ይወርዳል። ድስት ቆጥረህ የሰውየውን ማዕረግ ታውቃለህ ማለት ነው።

እስካሁን ከተገኙት ሁሉ ግዙፉ በ1939 አንያንግ አካባቢ የመንደር ሰዎች ቆፍረው ያወጡት ዲንግ ነው። ክብደቱ 832.84 ኪሎ፣ ማለትም ከስምንት ኩንታል በላይ! አሁን ቤይጂንግ በሚገኘው የቻይና ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ ይገኛል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። እነዚህ ዕቃዎች አዲስ ሳሉ አረንጓዴ አልነበሩም። እንደ ወርቅ ያብረቀርቁ ነበር። አረንጓዴው ሺህ ዓመታት መሬት ውስጥ ሲቀመጡ የመጣ ዝገት ነው። ፎርጅድ ሠሪዎች የሚጫወቱትም በዚህ ነው፤ እንመለስበታለን።

ከቁራሌው የተረፈው ዕቃ

በ1963 ባኦጂ በምትባል የቻይና ከተማ አካባቢ አንድ የነሐስ ዕቃ ከመሬት ወጣ። ማንነቱን ያወቀ ሰው አልነበረም። በ1965 ለቁራሌው ተሸጠ። ቀልጦ ሊጠፋ ነው ማለት ነው። እንደ ዕድል ሆኖ የባኦጂ ሙዚየም ደርሶ በ30 ዩዋን ገዛው።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1975፣ ውስጡ ያለው ዝገት ሲጸዳ ከታች ወለሉ ላይ ጽሑፍ ተገኘ። 122 የቻይንኛ ፊደላት! ጽሑፉ የዦው ንጉሥ ቼንግ አዲስ ከተማ ስለመመሥረቱ ይተርካል። ቻይናውያን ዛሬ አገራቸውን የሚጠሩበት «ዦንግጉዎ» የሚለው ቃልም እዚያ ላይ አለ። እስካሁን በሚታወቀው ይህ ቃል ተጽፎ የተገኘበት ጥንታዊው ቦታ ይሄው ነው። አንድ አገር የስሙን የመጀመሪያ ማስረጃ በ30 ዩዋን ከቁራሌው አተረፈ።

በ1976 ደግሞ አንያንግ ውስጥ ሌቦች ያልደረሱበት መቃብር ተገኘ። የማን ነው? የፉ ሃዎ። ፉ ሃዎ የንጉሥ ዉ ዲንግ ሚስት ስትሆን ጦር እየመራች የምትዘምት ሴት ነበረች። ስሟ አስቀድሞ አጥንት ላይ ከተቀረጹ የትንቢት ጽሑፎች ይታወቃል። መቃብሯ ውስጥ 468 የነሐስ ዕቃዎች ተገኙ፤ ብዙዎቹም ስሟ አለባቸው። ሁሉም ባሉበት ቦታ ስለተገኙ ተመራማሪዎች መቃብሩ የእሷ መሆኑን፣ ምን ያህል ሥልጣን እንደነበራት፣ እንዴት እንደተቀበረች አወቁ።

እስቲ ያንን መቃብር ሌባ ቀድሞ አግኝቶት ቢሆን ብላችሁ አስቡ። 468ቱ ዕቃዎች በ468 እጅ ይበተኑ ነበር። እያንዳንዱ ዕቃ ያምር ይሆናል። ፉ ሃዎ ግን ትጠፋለች። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ዕቃ የሚያሳዝነው ለዚህ ነው። ዕቃው ተርፎ ታሪኩ ይሞታል።

ፎርጅዱ እንዴት ይታወቃል?

የቻይናን ነሐስ አስመስሎ መሥራት የዛሬ ነገር አይደለም። በሶንግ ሥርወ መንግሥት (960–1279) ጊዜ ጥንታዊ ነሐስ መሰብሰብ ትልቅ ፋሽን ነበር። የዘመኑ ንጉሠ ነገሥት ህዊዞንግ ያሠራው ካታሎግ 839 ዕቃዎች መዝግቧል። ሰው ሲፈልግ አስመስሎ የሚሠራም መጣ። ስለዚህ «አስመስሎ የተሠራ» የተባለ ዕቃ ራሱ የ800 ዓመት ቅርስ ሊሆን ይችላል። ለማታለል ሳይሆን ለጥንቱ ክብር ተብሎ የተሠራም አለ።

የዕጣን ማጨሻዎቹ ጉዳይ ደግሞ የባሰ ነው። ሥራቸው ላይ የሹዋንደ ንጉሠ ነገሥት (1426–1435) ማኅተም ያለባቸው ማጨሻዎች ገበያውን ሞልተውታል። ከነሱ ውስጥ አብዛኞቹ ግን ከሹዋንደ በኋላ፣ ብዙዎቹም በመቶዎች ዓመታት ዘግይተው የተሠሩ ናቸው። ማኅተም ብቻውን ማስረጃ አይደለም።

ባለሙያዎች የሚያዩት ምንድን ነው?

1. የሥራው ዘዴ። የሻንግ ሠራተኞች ከሸክላ ሞዴል ይሠሩና ውጩን በጭቃ ሸፍነው ያንን ሽፋን በክፍል በክፍል ቆርጠው ያነሱታል። ከዚያ መልሰው ገጥመው የቀለጠውን ነሐስ መሃል ላይ ያፈሱታል። ክፍሎቹ የተጋጠሙበት መስመር ዕቃው ላይ ይቀራል። መስመሩ መኖር ከሚገባው ቦታ ላይ ከሌለ ጥርጣሬ ይጀምራል። በኤክስሬይ ሲታይም የውስጡ አሠራርና የተደበቀ ጥገና ይወጣል።

2. ብረቱ። በአማርኛ ሁለቱንም «ነሐስ» ስለምንል ይምታታብናል። የጥንቱ የቻይና ነሐስ መዳብ፣ ቆርቆሮና እርሳስ ነው። ሌላው ዓይነት፣ ቢጫው፣ መዳብና ዚንክ ነው። «የሻንግ ነው» የተባለ ዕቃ ተመርምሮ ውስጡ ብዙ ዚንክ ከተገኘ በቃ፣ ወሬው አለቀ።

3. ዝገቱ። እውነተኛው ዝገት ከብረቱ የበቀለ ነው። አረንጓዴው፣ ሰማያዊው፣ ከሥር ያለው ቀዩ ንብርብር ሆኖ ብረቱ ውስጥ ይገባል። የፎርጅዱ ብዙ ጊዜ በአሲድ የመጣ ወይም በማጣበቂያ የተለጠፈ ነው።

4. ውስጡ የቀረው ሸክላ። እግርና እጀታ ውስጥ የቀረ የሸክላ ፍርፋሪ ካለ፣ መጨረሻ በእሳት የተቃጠለው መቼ እንደሆነ በላብራቶሪ መገመት ይቻላል።

ልብ በሉ፣ ከነዚህ አንዱንም በስልክ ፎቶ ማረጋገጥ አይቻልም። ሻጭ ፎቶ ብቻ ልኮ «ኦሪጅናል ነው፣ ፍጠኑ» ካላችሁ የምታውቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንድትፈጥኑ ይፈልጋል።

ዕቃው እውነተኛ ቢሆንስ?

እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚከብደው። እውነተኛ መሆኑ ተረጋግጦም ቆሻሻ ታሪክ ያለው ዕቃ አለ።

በ1860 የእንግሊዝና የፈረንሳይ ጦር ቻይና ዘምቶ ዩዋንሚንግዩዋን የሚባለውን የንጉሠ ነገሥቱን የበጋ ቤተ መንግሥት ዘረፈ። እንግሊዞቹ ቤተ መንግሥቱን በእሳት አጋዩት። እዚያ በነበረ ፏፏቴ ላይ የቆሙ 12 የነሐስ የእንስሳት ራሶች ነበሩ። እስካሁን ወደ ቻይና የተመለሱት ሰባቱ ናቸው። ከነሱ ሁለቱ፣ አይጧና ጥንቸሏ፣ በ2009 ፓሪስ ውስጥ ለጨረታ ሲወጡ አንድ ቻይናዊ በድምሩ ከ31 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ጠርቶ አሸነፈና «አልከፍልም» አለ። ተቃውሞውን እንዲህ ነው ያሰማው። በ2013 ፈረንሳዊው ባለሀብት ፍራንሷ ፒኖ ሁለቱንም ለቻይና በስጦታ መለሰ።

በ2018 ደግሞ እንግሊዝ ካንተርበሪ ውስጥ ነብር የተቀረጸበት የዦው ዘመን የውሃ ዕቃ ጨረታ ላይ ቀረበ። አብሮት የአንድ እንግሊዛዊ ወታደር ደብዳቤዎች ቀረቡ። ከ1860ው ዝርፊያ ዕቃዎች እንዳመጣ ለቤተሰቡ የጻፋቸው ናቸው! ደብዳቤው ዕቃው እውነተኛ መሆኑን ያስረዳል፤ መዘረፉንም እንደዚሁ። የቻይና መንግሥት ቢቃወምም ዕቃው በ410,000 ፓውንድ ተሸጠ። በመጨረሻ ግን ስሙን ያልገለጸው ገዢ መልሶ ሰጠ፤ ዛሬ ቤይጂንግ ነው።

እኛስ የት ገባን? በ1860ው የቻይና ዘመቻ ከእንግሊዝ ክፍለ ጦሮች አንዱን የመራው ጄኔራል ሮበርት ናፒየር ነበር። አዎ፣ ያው ናፒየር። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1868፣ መቅደላ ድረስ የዘመተውን ጦር የመራው እሱ ነው። ከአፄ ቴዎድሮስ አምባ የተወሰዱት የብራና መጻሕፍት፣ ጽላቶችና ዘውድም እንደ ቻይናው ነሐስ በሙዚየምና በግለሰብ ቤት ተበተኑ። በ2021 ከመቅደላ የተወሰዱ ዕቃዎች እንግሊዝ ውስጥ ለጨረታ ሊቀርቡ ሲሉ ኢትዮጵያ ተቃውማ ከሽያጭ ወጥተዋል፤ በኋላም ተመልሰዋል። ስለዚህ አንድ ቻይናዊ «ይሄ ዕቃ ከየት መጣ?» ብሎ ሲጠይቅ ጥያቄው የኛም ነው። ለራሳችን የምንፈልገውን ፍትሕ የሌላው ዕቃ እጃችን ሲገባ ልንረሳው አይገባም።

መሰብሰብ ለምትፈልጉ

ፍላጎቱ ካላችሁ በንጹሕ መንገድ መሰብሰብ ይቻላል። እነዚህን ያዙ፦

• ወረቀት ጠይቁ። የድሮ የሽያጭ ደረሰኝ፣ የጨረታ ካታሎግ፣ ቀን ያለው ፎቶ፣ የመውጫ ፈቃድ። «ከአያቴ የወረስኩት ነው» ወሬ እንጂ ማስረጃ አይደለም።

• 1970ን አስታውሱ። ዩኔስኮ የቅርስ ሕገወጥ ዝውውርን የሚከለክለውን ስምምነት ያጸደቀበት ዓመት ነው። ብዙ ሙዚየሞች ዕቃው ከዚያ በፊት ከአገሩ መውጣቱን የሚያሳይ ማስረጃ ካላዩ አይገዙም።

• ለንግድም ሆነ ለትምህርት ቻይና የምትመላለሱ ተጠንቀቁ። በቻይና ደንብ ከ1911 እና ከዚያ በፊት የተሠሩ ቅርሶች በመርህ ደረጃ ከአገር አይወጡም። ከገበያ የገዛችሁት እውነተኛ ቢሆን ኤርፖርት ላይ ችግር ነው፤ ፎርጅድ ከሆነም ገንዘባችሁ ሄደ።

• አሜሪካ የምትኖሩ ደግሞ፣ ከ2009 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ስምምነት እስከ 907 ድረስ የተሠሩ የቻይና ጥንታዊ ነሐሶች ያለ ተገቢ ሰነድ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ገደብ አለ።

• ውበቱ ብቻ ከሆነ የፈለጋችሁት፣ «አዲስ ሥራ» ተብሎ በግልጽ የሚሸጥ ቅጂ ግዙ። ምንም ነውር የለውም።

• አሮጌ ነሐስ ቤታችሁ ካለ በሎሚም በአሸዋም አትፈትጉት። ዝገቱ ራሱ ማስረጃ ነው። ደረቅ ቦታ አስቀምጡት። ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ዱቄት መሰል ነገር ካበቀለ ብረቱ እየተበላ ሊሆን ስለሚችል ለባለሙያ አሳዩ።

የባኦጂው ዕቃ 122ቱን ፊደላት ሆዱ ውስጥ ይዞ ቁራሌው ዘንድ ቀርቦ ነበር። ያዳነው ቆም ብሎ «ይሄ ነገር ምንድን ነው? ከየት መጣ?» ያለ ሰው ነው። እናንተም ስልካችሁ ላይ «አሁኑኑ ግዛ» የምትለዋን ቁልፍ ከመንካታችሁ በፊት ይህችኑ ጠይቁ። ሻጩ መልስ ከሌለው ዕቃውን እዚያው ተዉለት።