የአሮጌ ፒካፕ የፊት መስታወት ሳይሰበር እንዴት ይወጣል?

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አሮጌ ፒካፕ የፊት መስታወት ነው። «ይህ ደግሞ ምን ቁም ነገር አለው?» የሚል አይጠፋም። ቁም ነገሩ እንዲህ ነው። እንደ ዳትሰን 620 እና እንደ ቶዮታ ሃይሉክስ ያሉት፣ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠሩት ፒካፖች ዕድሜያቸው ሃምሳ ዓመት ገደማ ሆኗል። መስታወታቸው እንደ ልብ ከመደብር አይገኝም። በዚህች መኪና ሽንኩርትና ድንች ጭኖ ልጆቹን የሚያሳድግ ሰው መስታወቷ ከተሰበረበት ሌላ እስኪያገኝ መኪናዋ ትቆማለች፤ እንጀራውም አብሮ ይቆማል።

ታዲያ ደኅና መስታወት ለምን ይወጣል? ዋናው ምክንያት ዝገት ነው። ክረምት ሲመጣ ውሃ በመስታወቱ ጎማ ሥር ሾልኮ ጋቢና ውስጥ ይንጠባጠባል። ሾፌሩም እግሩ ሥር ጨርቅ ያነጥፋል። ጨርቁ ውሃውን ቢጠጣም ቀዳዳውን አይደፍንም። ውሃው የሚጠራቀመው ደግሞ ጎማው በሸፈነው፣ ዓይን በማያየው ላሜራ ላይ ነው። ከላይ ቀለሙ ሲያብጥ ካያችሁ፣ ከሥር ላሜራው ተበልቶ ሊሆን ይችላል። መስታወቱ ሳይወጣ ይህን ዝገት መጥረግ አይቻልም።

በመጀመሪያ መስታወቱ በምን እንደተያዘ እንወቅ። የእነዚህ ፒካፖች መስታወት በሙጫ አልተጣበቀም። ዙሪያውን የያዘው ሁለት ቦይ ያለው ወፍራም ጎማ ነው። በአንዱ ቦይ መስታወቱ ይገባል፣ በሌላው ቦይ የላሜራው ዳር ይገባል። ጎማው በአንድ እጁ መስታወቱን፣ በሌላ እጁ ላሜራውን ጨብጧል ማለት ነው። ስለዚህ የእኛ ሥራ መስታወቱን መጎተት ሳይሆን የጎማውን እጅ ማስለቀቅ ነው። በኋላ የወጡት አብዛኞቹ መኪናዎች ግን መስታወታቸው በሙጫ የተጣበቀ ነው፤ እነርሱን በዚህ ዘዴ አትንኳቸው።

መስታወቱም ራሱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው፣ ሁለት ስስ መስታወቶች በመካከላቸው ፕላስቲክ ገብቶ የተጣበቁበት ሲሆን ሲመታ ይሰነጠቃል እንጂ አይበተንም። ሁለተኛው በሙቀት የጠነከረ አንድ ወጥ መስታወት ነው፤ ሲሰበር እንደ በቆሎ ፍሬ ይረግፋል። ማዕዘኑ ላይ በትንንሽ የእንግሊዝኛ ፊደላት ተጽፏል፤ አንብቡት። «ላሚኔትድ» ካለ የመጀመሪያው፣ «ቴምፐርድ» ካለ ሁለተኛው ነው። የሁለቱም ድካም ግን አንድ ነው፤ ጠርዛቸው። መሀሉን በመዳፍ ቢገፉት የሚችለው መስታወት፣ ጠርዙን የካቻቢቴ ጫፍ ከነካው አለቀለት።

አንድ ጊዜ ጋራዥ ቆሜ ያየሁትን ልንገራችሁ። ሦስቱ ጎን በደኅና ወጥቶ አንድ ማዕዘን ቀረ። ሠራተኛው ምሳ ሰዓት ደርሶበት ነበርና ካቻቢቴውን ጎማው ሥር ሰክቶ ፈነቀለው። ድምፁ እንኳ ይህን ያህል አይደለም፤ «ጢቅ» አለ። የፀጉር ያህል መስመር ከማዕዘኑ ተነሥታ እስከ መሀል ሄደች። ባለመኪናው ምንም ቃል ሳይናገር ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ። ለብቻ አይሆንም፤ ቢያንስ ሁለት ሰው፣ ቢቻል ሦስት ያስፈልጋል። የቆዳ ጓንትና የዓይን መነጽር አድርጉ። በጠዋት ብርድ አትጀምሩ፤ ብርድ ጎማውን ያደርቀዋል። መኪናዋን ፀሐይ ላይ ጥቂት ሰዓት አቁሟት። እንዲለሰልስ ብሎ የፈላ ውሃ ማፍሰስ ግን መስታወቱን ማሰንጠቅ ነው። የዝናብ መጥረጊያዎቹን ፍቱ፤ በጎማው ላይ የኒኬል ጌጥ ካለም ቀስ ብላችሁ አውጡ፣ ከታጠፈ አይቃናም። ቀለሙ እንዳይጫር ኮፈኑ ላይ ብርድ ልብስ ዘርጉ።

አሁን ጎማውን በጥፍራችሁ ጫኑት። ካልሰረጎደና ከተሰነጣጠቀ አታባብሉት፣ ቁረጡት። ብዙ ሰው ጎማውን ለማዳን ሲል መስታወቱን ይሰብራል፤ እኔ ግን ጎማው ይሙት፣ መስታወቱ ይዳን ባይ ነኝ። ብቻ ለመኪናዋ ልክ የሆነውን አዲስ ጎማ በእጃችሁ ሳትይዙ አሮጌውን አትቁረጡ። ከውጭ በኩል በመስታወቱ ላይ የተኛውን የጎማ ከንፈር በስለታም ምላጭ ዙሪያውን ቆርጣችሁ አንሡት። ከዚያ ወዲያ መስታወቱን ከውጭ የሚያግደው የለም፤ ከውስጥ በመዳፍ ቀስ ብሎ ሲገፋ ይወጣል።

ጎማው ገና ለስላሳ ከሆነና ልታተርፉት ከፈለጋችሁ የሳሙና ውሃ በዙሪያው አጠጡት። ቤንዚን አይሆንም፤ ጎማውን ያሳብጠዋል። መሣሪያችሁም ብረት ሳይሆን ጫፉ ጠፍጣፋና ልሙጥ የሆነ እንጨት ይሁን፤ የተሰበረ ማማሰያ ተስሎ ይበቃል። አንዱ ጋቢና ውስጥ ገብቶ ከላይኛው ማዕዘን ይጀምርና የጎማውን የውስጥ ከንፈር ከላሜራው ዳር ላይ እያሻገረ ይሂድ። በተሻገረው ቦታ በመዳፉ ይጫን፣ ከውጭ ያሉት ደግሞ መስታወቱን ከነጎማው ይቀበሉ። ስንዝር በስንዝር ነው፤ አንዱ ማዕዘን ብዙ ቀድሞ እንዳይወጣ፣ ከተጣመመ ይሰነጠቃል።

መሀል ላይ እንቢ ካለ ጉልበት አትጨምሩ። እንቢ ያለበትን ምክንያት ፈልጉ። ብዙ ጊዜ የቀድሞ ጠጋኝ ውሃ ላቆም ብሎ የቀባው ማስቲሽ ነው። እንደ ጊታር ክር የቀጠነ ሽቦ በጎማውና በላሜራው መካከል አሳልፋችሁ ወዲያና ወዲህ እየሳባችሁ ቁረጡት።

መስታወቱ ሲወጣ መሬት ላይ አታስተኙት። ሁለት እንጨት ላይ ጨርቅ አድርጋችሁ አቁሙትና ልጅ በማይደርስበት ጥግ ብርድ ልብስ ወደ ተደገፈበት ግድግዳ ዘንበል አድርጉት።

ከዚያ ላሜራውን እዩ። ዝገቱን እስከ ንጹሕ ብረት ጥረጉ፣ የተበላውን ባትላሜራ ይጠግነው፣ የዝገት መከላከያም ቀብታችሁ በደንብ ይድረቅ። የብየዳ ጉብታ ቀርቶ እንደሆነ በጣታችሁ ዙሪያውን ዳስሱ። የሽምብራ ታህል ጉብታ የመስታወቱን ጠርዝ ስትወጋ ትቆይና፣ ኮረኮንች መንገድ ላይ በገባችሁበት ቀን ትሰነጥቀዋለች። መስታወቱ ወደ ቦታው በገመድ እንዴት እንደሚመለስ በሚቀጥለው ንግግራችን እናያለን። እስከዚያው ደኅና ሰንብቱ።