የእንቅልፍና የጭንቀት ኪኒን በአንድ ቀን አይጣልም

የስደት ኑሮ እንቅልፍ ይነሳል። ሌሊቱን ታክሲ ሲነዳ ወይም መኪና ማቆሚያ ሲጠብቅ አድሮ ቀን ለመተኛት የሚታገለው፣ ከአገር ቤት ስልክ በተደወለ ቁጥር ልቡ የሚደነግጠው፣ እስርና ጦርነት አይቶ የመጣው ወገን ብዙ ነው። ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ አንዲት ትንሽ ኪኒን ትታዘዝለታለች። ለጥቂት ሳምንታት የታዘዘችው ኪኒን ግን ዓመት፣ አንዳንዴም አሥር ዓመት ትከርማለች። ከዕለታት አንድ ቀን ሰውየው «ሱስ ሆነብኝ» ይልና፣ ወይም ወዳጁ «ይኼን መርዝ ተወው» ሲለው፣ ጠርሙሱን እንዳለ ይጥለዋል። ትልቁ አደጋ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

እነዚህ መድኃኒቶች ቤንዞዳያዜፒን ይባላሉ። የመጀመሪያው ሊብሪየም እ.ኤ.አ. በ1960፣ ቫሊየም ደግሞ በ1963 ለገበያ ቀረቡ። ዛሬ በብዛት የሚታዘዙት ዛናክስ፣ አቲቫንና ክሎኖፒን የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። አምቢየን የተባለው የእንቅልፍ ኪኒንም ቤተሰቡ ሌላ ቢሆን አሠራሩ ይቀራረባል።

ፍሬኑ እንደተበጠሰበት መኪና

አእምሮ የራሱ ማብረጃ ፍሬን አለው። ኪኒኑ ይህንኑ ፍሬን አጥብቆ ይረግጣል። ነገሩ ወራት ሲቆይ አእምሮ እርዳታውን ይለምድና የራሱን ፍሬን ያላላል። ኪኒኑ ድንገት ሲቀር ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ እንደተበጠሰበት መኪና ይሆናል፦ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፋጠን፣ የባሰ እንቅልፍ ማጣት፣ ድምፅና ብርሃን አለመቻል ይከተላል። ሲከፋ የሌለ ነገር ማየትና መስማት፣ እንደ ሚጥል በሽታ ያለ መንዘፍዘፍም ይመጣል፤ ይህ ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። ቶሎ ከሰውነት በሚወጡት እንደ ዛናክስ ባሉት ምልክቱ በአንድ ሁለት ቀን ሊጀምር ሲችል፣ እንደ ቫሊየም በሚቆዩት ግን ብዙ ቀን ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ብዙ ሰው «አሮጌው በሽታዬ ተመለሰ» ብሎ ይሳሳታል።

ይህ የፈቃደ ደካማነት ወይም የምግባር ጉድለት አይደለም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት በ2020 ባወጣው ጥብቅ ማስጠንቀቂያ፣ ሐኪሙ እንዳዘዘው በትክክል የወሰደ ሰው እንኳ በጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት ውስጥ ሰውነቱ መድኃኒቱን ሊለምድ እንደሚችል ገልጿል። የሚያሳፍር ነገር የለበትም።

ከአሥር አንድ እጅ

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የተባለው ለዚህ ጉዳይ የተነገረ ይመስላል። በእንግሊዝ አገር ኒውካስል ከተማ ፕሮፌሰር ሄዘር አሽተን ከ1982 እስከ 1994 ከዚህ መድኃኒት ለመላቀቅ የሚሹ ሰዎችን ክሊኒክ ሲመሩ ያስተማሩት ይህንኑ ነበር፦ በዝግታ፣ በታካሚው አቅም ልክ። በ2025 የአሜሪካ የሱስ ሕክምና ማኅበር ከሌሎች የሐኪሞች ማኅበራት ጋር ያወጣው መመሪያም ሲጀመር የሚቀነሰው ከመቶ ከ5 እስከ 10 እጅ እንዲሆን፣ ቀጣዩ ቅነሳ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ቆይቶ እንዲደረግ ይመክራል።

ለምሳሌ በቀን 10 ሚሊግራም ቫሊየም የሚወስድ ሰው ሐኪሙ በመጀመሪያ ወደ 9 ሊያወርድለት ይችላል። ሰውነቱ ሲረጋጋ ቀጣዩ ቅነሳ ከ9 ላይ ይሰላል። ከከበደው ባለበት ይቆያል። ወራት፣ ከዓመት በላይም ሊፈጅ ይችላል፤ መዘግየቱ ሽንፈት አይደለም። አንድ ቀን ወስዶ አንድ ቀን መዝለል ግን አይበጅም፤ ሰውነትን ያናውጣል። ቀስ ብሎ እንዲሟሟ የተሠራ ኪኒንም ፋርማሲስት ሳይጠየቅ አይሰበርም። ነፍሰ ጡር የሆነች፣ የሚጥል በሽታ ያለበት፣ ወይም ብዙ መጠጥ የሚጠጣ ሰው በተለይ ያለ ሐኪም አንዳችም እንዳይቀንስ።

በዚህ መካከል መጠጥ መጨመር ክፉ ነው፤ ኪኒንና አልኮል ወይም ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ ሲገናኙ እስትንፋስን ያዳክማሉ። ጫት ቅሞ ምርቃናውን በኪኒን መስበርም አንዱን ችግር በሌላ መሸፈን ነው። የቡናው ሥርዓት አይቅር፤ ግን ከቀትር በፊት ይሁን። ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት መነሳት፣ እንቅልፍ ሳይመጣ አልጋ ላይ አለመገላበጥ፣ ካልመጣም ተነስቶ በደብዛዛ ብርሃን መቀመጥ ይጠቅማል። ይህን የመሰለው የእንቅልፍ ልምድ ሕክምና ለሥር ሰደደ እንቅልፍ ማጣት ከኪኒን እንዲቀድም የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ማኅበር በ2016 መክሯል።

ለዕረፍት አገር ቤት የሚሄድ ሰው መድኃኒቱን ለቆይታው የሚበቃ አድርጎ፣ ስሙ ባለበት ጠርሙስ፣ በእጅ ሻንጣው ይያዝ። በዱባይ ወይም በሌላ የዓረብ አገር የሚያልፍ ከሆነ አስቀድሞ ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ ያጣራ፤ በዚያ እነዚህ ኪኒኖች ጥብቅ ቁጥጥር አለባቸው። ጠበል የሚገባም ቢሆን ሐኪሙን ያማክር እንጂ በራሱ አያቋርጥ።

በአማርኛ መናገር መብት ነው

ብዙው ጥፋት የሚመጣው ከቋንቋ ነው። እናት በልጇ አስተርጓሚነት የሌሊት ጭንቀቷን ዘርግታ አትናገርም። በአሜሪካ በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግና በ2010 በወጣው የጤና ሕግ መሠረት፣ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታልና ክሊኒክ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ቀጠሮ ሲያዝ «የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ማለት ይበቃል። ለሐኪሙም የሚወሰደው ኪኒን ሁሉ፣ ከጓደኛ የተገኘውም ሳይቀር፣ መጠኑና ስንት ዓመት እንደቆየ ይነገረው። ከዚያም «ቀስ ብዬ መቀነስ እፈልጋለሁ፤ ዕቅድ እናውጣ» ይባል።

መንዘፍዘፍ፣ መቃዠት ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በአሜሪካ 911 ይደወላል። ለጭንቀትና ለተስፋ መቁረጥ ደግሞ ከ2022 ጀምሮ 988 ቀን ከሌት ክፍት ነው። ወዳጅ ዘመድም «ተወው፣ ጣለው» ከማለት ይልቅ አብሮት ሐኪም ዘንድ ቢሄድ የበለጠ ይረዳዋል።