ሱሪ ታጥቃ የጠፋችው ልጅ

መጽሐፍ ቅዱስ ሊሸጥልዎ ደጅዎን ያንኳኳው ጨዋ ወጣት ሴት ሆኖ ቢገኝ ምን ይላሉ?

ሣራ ኤማ ኤድመንድስ እ.ኤ.አ. በ1841 በካናዳ፣ ኒው ብረንስዊክ ተወለደች። አባቷ ወንድ ልጅ ይመኝ ነበርና ሴትነቷ አላስደሰተውም። በልጅነቷ ያነበበችው ስለ አንዲት የባሕር ወንበዴ ሴት የሚተርክ ልብ ወለድ ልቧን አሸፈተው። ለማትፈልገው ሰው ሊድሯት ሲሉ ከቤት ጠፋች፤ ጸጉሯን ቆርጣ፣ ሱሪ ታጥቃ፣ «ፍራንክሊን ቶምሰን» ተብላ መጽሐፍ ቅዱስ እያዞረች ሸጠች። (ዘዳግም 22፥5 ላይ ስትደርስ ምን ተሰምቷት ይሆን?)

በ1861 የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሲነሣ በሁለተኛው የሚሺጋን እግረኛ ጦር ተመዘገበች። ቁስለኛ አስታመመች፣ ፖስታ አመላለሰች። በ1863 ግን ወባ ጣላት። ሆስፒታል ብትተኛ ምስጢሯ ሊወጣ ነው፤ ስንቱን ያስታመመች ነርስ ለራሷ መታከሚያ አጣች! ከሰፈሩ ተሰወረች፤ «ከድቷል» ተብሎም ተጻፈባት።

በኋላ በሴትነቷ አገባች። ሦስት ልጆች ወልዳ ሦስቱንም ቀበረች፤ ሁለት ወንዶች ልጆች አሳደገች። ያ የክዳት ስም ግን እንቅልፍ ነሣት። የጦር ጓዶቿን ፈልጋ እውነቱን ነገረቻቸው፤ እነርሱም መሰከሩላት። በ1884 የአሜሪካ ምክር ቤት በወር 12 ዶላር ጡረታ ፈቀደላት፤ ክሱም በኋላ ተሰረዘ።