የገጸ ባሕርይ ተዋናይ ማን ነው? ከደብሊኑ የመንግሥት ሠራተኛ እስከ አባባ ተስፋዬ

ዊሊያም ሺልድስ የተባለ የአየርላንድ ተወላጅ ለበርካታ ዓመታት ቀን ቀን በደብሊን ከተማ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲሠራ ይውልና፣ ማታ ማታ በአቢ ቴያትር መድረክ ላይ ይታይ ነበር። በመሥሪያ ቤቱ በኩል ችግር እንዳይገጥመውም ለመድረክ ባሪ ፊትዝጄራልድ የሚል ሌላ ስም አወጣ። የመንግሥት ሥራውን ትቶ ሙሉ በሙሉ ወደ ትወና የዞረው እ.ኤ.አ. በ1929፣ ዕድሜው አርባን ካለፈ በኋላ ነው።

ፊትዝጄራልድ ቁመቱ አጭር፣ መልኩም ለፍቅር ታሪክ መሪ ተዋናይነት የማይታጭ ሰው ነበር። እውቅና ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1924 በሾን ኦኬሲ «ጁኖና ጣዎስ» ቴያትር፣ ሥራ የሚጠላና ጉራ የሚያበዛ የቤተሰብ ኃላፊ ሆኖ በመጫወቱ ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ ደግሞ በ1944ቱ «ጎይንግ ማይ ዌይ» ፊልም የሽማግሌ ቄስ ሚና ተጫውቶ፣ በዚያው አንድ ሚና በመሪ ተዋናይነትም በአጃቢ ተዋናይነትም ለኦስካር ታጨ። ሽልማቱን ያገኘው በአጃቢነቱ ሲሆን፣ ደንቡም ከዚያ በኋላ ተሻሽሏል። በጦርነቱ ሳቢያ ብረት በመቆጠቡ ሐውልቱ የተሠራው ከጄሶ ስለነበረ፣ ተሸላሚው ቤቱ ውስጥ ጎልፍ ሲለማመድ አንገቱን እንደቆረጠው ይነገራል።

በሙያው ቋንቋ እንዲህ ያለው ሰው የገጸ ባሕርይ ተዋናይ ይባላል። ተመልካች መሪ ተዋናዩን የሚያየው ፊቱን ፈልጎ ነው፤ የገጸ ባሕርይ ተዋናዩ ግን የራሱን ፊት መሰወር ይጠበቅበታል። ዛሬ ዳኛ፣ ነገ ሰካራም፣ ከነገ ወዲያ ባልቴት ይሆናል። ተመልካቹ ከአዳራሹ ሲወጣ «ያ ዳኛ» እያለ የሚያወራና የተዋናዩን ስም የማያነሣ ከሆነ ሥራው ተሳክቷል ማለት ነው።

በአገራችን ለዚህ ሙያ ቀድመው ከሚጠቀሱት አንዱ አርቲስት ተስፋዬ ሣህሉ ናቸው። በ1915 ዓ.ም. በባሌ የተወለዱት አርቲስቱ፣ ከነፃነት በኋላ በነበሩት ዓመታት በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የቴያትር ሥራ ሲጀምሩ መድረክ ላይ የሚወጣ ሴት አልነበረም። ስለሆነም የሴት ገጸ ባሕርያትን ራሳቸው ይጫወቱ ነበር። ጉዳዩ ቀሚስ ለብሶ ከመውጣት ያለፈ ነው። ድምፅን፣ አረማመድን፣ የነጠላ አጣጣልን፣ በእንግዳ ፊት አንገት መድፋትን ሁሉ ካላጠኑ ተመልካቹ መሳቅ በማይገባው ቦታ ይስቃል። እንደ አስናቀች ወርቁ ያሉ ሴቶች መድረኩን የተቀላቀሉት ከዚያ በኋላ ነው።

ይህ ሁኔታ በጅግጅጋ፣ በአውበሬና በቀብሪበያህ ለሚኖሩ የሶማሌኛ ተናጋሪዎች እንግዳ አይደለም። ሪዋያድ የሚባለው የሶማሌ ቴያትር በሀርጌሳ ሲጀመርም በመጀመሪያ ላይ የሴቶቹን ሚና የሚይዙት ወንዶች ነበሩ። የሪዋያድ ተዋናይ የሚለየው በአጠናኑ ነው። ደራሲው ግጥሙን በቃሉ ይነግረዋል፤ እሱም በጆሮው ተቀብሎ ያጠናል። የሶማሌ ግጥም ስንኞቹ በአንድ ዓይነት ድምፅ በሚጀምሩ ቃላት ስለሚተሳሰሩ፣ አንዲት ቃል የረሳ ተዋናይ በመሰለው ቃል ሊተካት አይችልም። በግጥሞቹ መካከል ያለውን ተራ ንግግር ግን በራሱ መንገድ ያስኬደዋል። ከድንበር ማዶ ለአውበሬ ቅርብ በሆነችው በቦራማ የተወለደው ሀሰን ሼክ ሙሚን እ.ኤ.አ. በ1968 ለመድረክ ያበቃው «ሸቤልናጎድ» የዚህ ዓይነቱ ቴያትር ጥሩ ምሳሌ ነው።

ወደ አርቲስት ተስፋዬ ስንመለስ፣ በኮሪያ ጦርነት ወቅት ለዘመተው የቃኘው ሻለቃ ጦር ዝግጅታቸውን ለማቅረብ እስከ ኮሪያ ተጉዘዋል። በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው በቀድሞው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ በአሁኑ ብሔራዊ ቴያትርም ለረጅም ዓመታት ሠርተዋል። እዚህ ላይ ለመንግሥት ሠራተኛ አንባቢ ግልጽ መሆን ያለበት ነገር አለ። የብሔራዊ ቴያትር ተዋናይ በወር ደመወዝ የሚተዳደር ተቀጣሪ ነው፤ ንጉሥ ሆኖ ቢተውንም በር ጠባቂ ደመወዙ አይለወጥም። ይህ አሠራር ጥበብን ቢሮክራሲ ያደርጋል እየተባለ ብዙ ጊዜ ይተቻል፤ ትችቱም መሠረት የለውም አይባልም። ይሁንና በትኬት ሽያጭ ብቻ በሚተዳደር ቴያትር ቤት ውስጥ የባልቴትና የሎሌ ሚና እያጠና ሠላሳ ዓመት የሚቆይ ሰው ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ሕዝቡ በሰፊው ያወቃቸው ግን በሌላ መንገድ ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የልጆችን ፕሮግራም ያዙ። ያኔ የ42 ዓመት ሰው ነበሩ፤ በፕሮግራሙም ሌላ 42 ዓመት ቆይተዋል። «የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች» እያሉ ተረት የሚያወሩት አባባ ተስፋዬ ከተጫወቷቸው ገጸ ባሕርያት ሁሉ ረጅሙ ነበሩ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ተዋናዩ በገጸ ባሕርዩ ውስጥ ጨርሶ ከመሰወሩ የተነሣ ተስፋዬ ሣህሉ ሲባል የማያውቅ ሰው አባባ ተስፋዬ ሲባል ወዲያውኑ ያውቃል።

የዚህ ሙያ ጉዳትም ከዚሁ ይጀምራል። ፊትዝጄራልድን ስመ ጥር ያደረገው የ1924ቱ ሚና በፊልም አልተቀረጸም። አልፍሬድ ሂችኮክ እ.ኤ.አ. በ1930 ያንኑ ቴያትር ወደ ፊልም ሲለውጥ ሚናውን ለሌላ ተዋናይ ሰጠና ፊትዝጄራልድን በአደባባይ ንግግር የሚያደርግ አነስተኛ ሰው አድርጎ አቀረበው። ዛሬ የሚታየው ያ ትንሹ ሚና ነው። አርቲስት ተስፋዬም በ94 ዓመታቸው ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ፣ አገሪቱ በአንድ ድምፅ ያስታወሰችው የቴሌቪዥኑን አባት ነው። በማዘጋጃ ቤት መድረክ የተጫወቷቸውን ሴቶች በዓይኑ ያየ ሰው ዛሬ በሕይወት ቢኖር ዕድሜው ወደ መቶ የተጠጋ ነው።

በምሥራቁ በኩል ነገሩ ትንሽ ይለያል። ሪዋያድ ከአፍ ወደ ጆሮ የሚተላለፍ በመሆኑ በካሴት መቅዳት የተለመደ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1988 ሀርጌሳ በቦምብ ስትደበደብ የሬዲዮ ጣቢያው ሠራተኞችና ሌሎች ነዋሪዎች ካሴቶቹን መሬት ቆፍረው ቀበሩ፤ ከፊሉንም ወደ ጎረቤት አገሮች አሻገሩ። ከዓመታት በኋላ ተቆፍረው የወጡትና ከየቦታው የተሰበሰቡት በዚያው ከተማ በሚገኝ የባህል ማዕከል ተቀምጠዋል። ከዘፈኖቹ መካከል ሪዋያዶችም ይገኙባቸዋል፤ የተዋንያኑ ፊት ባይታይም ድምፃቸው አለ።