ለቤትዎ የሚስማማው የውኃ ማሞቂያ የትኛው ነው?

መካነ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ የደጋ ከተማ ናት። በዚህ አካባቢ ሕፃን ለምታጥብና ማለዳ ተነሥታ ወደ ሥራ ለምትሄድ እናት ሙቅ ውኃ ቅንጦት አይደለም። ስለሆነም ማሞቂያ ለመግዛት ሲያስቡ ከዋጋው አስቀድመው የቤተሰብዎን ቁጥር፣ የውኃዎንና የኤሌክትሪክ መስመርዎን ሁኔታ ያጥኑ።

በመጀመሪያ የሚያስፈልግዎን መጠን ያስሉ። 60 ዲግሪ የሞቀ 8 ሊትር ውኃ 15 ዲግሪ በሆነ 7 ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ሲበረዝ ለገላ የሚስማማ 15 ሊትር ይሆናል። ይህም አንድ ሰው በባልዲ ለመታጠብ ይበቃዋል። በዚህ ስሌት ስድስት ሰዎች ላሉበት ቤት 50 ሊትር የሚይዝ ቦይለር በቂ ነው። ቦይለሩ 1,500 ዋት ከሆነ ይህን ውኃ ለማሞቅ 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል፤ የሚወስደውም ኃይል 2.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲበራ እንዲውል መተው ግን ገንዘብ ማባከን ነው። ባዶውን አይሰኩት፤ የመሬት ሽቦው በባለሙያ መገናኘቱን ያረጋግጡ፤ የግፊት መቀነሻውን ቫልቭ ፈጽሞ አይድፈኑ።

ውኃው ሲወርድ ወዲያውኑ የሚያሞቀው ሻወር ቦታ አይዝም። ነገር ግን እንደ ኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙ ኃይል ስለሚስብ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማብራት መስመሩን ያጨናንቃል። መብራት ሲጠፋም አያገለግልም።

በፀሐይ የሚሠራው ማሞቂያ መግዣው ውድ ቢሆንም ወርኃዊ ክፍያ የለበትም። የባሕር ዛፍ ጥላ በማያርፍበት ጣራ ላይ ፊቱን ወደ ደቡብ አድርጎ ይተከላል። ውኃ በፈረቃ የሚመጣ ከሆነ ከማሞቂያው ከፍ ብሎ የሚቀመጥ ታንከር ያስፈልገዋል። በክረምት ደመና ሲበዛ ሙቀቱ ስለሚቀንስ የኤሌክትሪክ መጠባበቂያ ያለውን መምረጥ ይበጃል።

አቅምዎ ለጊዜው የሚፈቅደው ማገዶ ብቻ ከሆነ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ይጠቀሙ፤ ድስቱንም ይክደኑ። ውኃውን ለገላ ማፍላት አያስፈልግም፤ ለብ ሲል ያውርዱት።

ከሁሉም በላይ ግን አንድ ነገር አይዘንጉ። ብርድ ለመከላከል ብለው የከሰል ምድጃ ወደ መታጠቢያ ወይም ወደ መኝታ ክፍል አያስገቡ። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሰው ሳያውቀው ይገድላል። ውኃውን ውጭ አሙቀው ይዘው ይግቡ። ጥሩ ማሞቂያ ማለት ኪስንም ሕይወትንም የማይጎዳ ነውና።